አባታችንን ላተረፋችሁልን ሁሉ

ሰላም የደሴ ሰዎች፣ ሰላም ጎረቤቶቻችን። አልሃምዱሊላህ፣ አባባ ከሆስፒታል ወጥተው ቤት ገብተዋል። ትከሻቸው ታስሯል፣ ሁለት የጎን አጥንታቸው ተሰብሯል፣ የቀኝ መዳፋቸው ቃጠሎ ገና ይጠዘጥዛቸዋል። ግን ይበላሉ፣ ይጫወታሉ፣ ቡናው ቀጠነ ብለው ይቆጣሉ። በየቀኑ ለምትደውሉልን ሁሉ በስልክ መልሰን አልጨረስንም፤ ስለዚህ እዚህ ልጻፈው።

ነገሩን በደንብ ላልሰማችሁ፦ በበልጉ ዝናብ የማድ ቤታችን ጣሪያ ሲያፈስ ሰነበተ። አባባ ክረምት ሳይገባ ቆርቆሮውን ልቀይር ብለው ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሥራ ጀመሩ። የቆርቆሮውንና የሚስማሩን ዋጋ ከፍሎ ለአናጢ የሚተርፈው ሰው ስንት ነው? ብዙዎቻችን ቤታችንን የምንጠግነው በራሳችን እጅ ነው። ከሰዓት በኋላ ከጦሳ ተራራ በኩል ነፋሱ ተነሳ። ባለ 2 ሜትሩን ቆርቆሮ ከእጃቸው ላይ ገለበጠውና ጫፉ ከትልቁ ቤት ወደ ማድ ቤት የተዘረጋውን የመብራት ገመድ ነካ። ፀሐይና ዝናብ ሽፋኑን የበላው ገመድ ነው። ያዛቸው። መጮህ እንኳን አልቻሉም።

የአጥር ጎረቤታችን እትዬ፣ ከሁሉ በፊት እርስዎን ነው የማመሰግነው። ወንድሜ መሰላሉን ሊወጣ ሲል «አትንካቸው! ቆጣሪው ጋ ሩጥ!» ብለው የጮኹት ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ልጅ አባቱን እንዲህ ሲያይ ዘሎ መያዝ ነው የሚቀናው። ቢይዛቸው ኖሮ ሁለቱንም ነበር የምናጣው፤ 220 ቮልት የያዘው ሰው ጡንቻው ይኮማተርና መልቀቅ ሊያቅተው ይችላል፣ የነካውም አብሮ ሊያዝ ይችላል። ወንድሜ ሮጦ ብሬከሩን አወረደው። አባባ ያኔ ለቀቃቸው፣ ተንሸራተው ከጣሪያው ጠርዝ ወደቁ።

አንቺ ነርሲንግ የምትማሪው ተከራያችን፣ የኔ እህት፣ ለአንቺ ምን ልበልሽ። ግቢው በአንዴ ሰው ሞላ፤ ሁሉም በቅንነት የመሰለውን ሊያደርግ ይጣደፋል። አንዱ ያንሷቸው ይላል፣ አንዱ ውሃ አጠጧቸው ይላል፣ ሌላው ለእጃቸው ቅቤ ይዞ መጥቷል። አንቺ መሬቱ ላይ ተንበርክከሽ ጭንቅላታቸውን በሁለት እጅሽ ያዝሽ፤ «ማንም እንዳያነሳቸው፣ አፋቸው ላይ ምንም እንዳይገባ» አልሽ። ድምፅሽ አልተንቀጠቀጠም። ትንፋሻቸውን እያየሽ፣ ለመዳፋቸው ቅቤም ኮልጌትም ከልክለሽ፣ ንጹህ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ቀስ እያልን እንድናፈስ ያዘዝሽን አንቺ ነሽ። የወደቀ ሰው አከርካሪው ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል በእጅና በእግር አንጠልጥሎ ማንሳት ሽባ ሊያደርገው እንደሚችል ዶክተሩ በኋላ ሲነግረን፣ እናቴ አንቺን አቅፋ ነው ያለቀሰችው።

የማድ ቤቱን በር ከማጠፊያው ነቅላችሁ እንደ ቃሬዛ የተሸከማችሁ የሰፈር ልጆች፣ ዘራችሁ ይባረክ። የሆስፒታሉ ሐኪሞችና ነርሶች ደግሞ አባባ ነቅተው «ደህና ነኝ፣ ልሂድ» ሲሉ እሺ አላላችሁም። ኤሌክትሪክ የያዘው ሰው ከላይ ደህና ቢመስልም የልብ ምቱ ሊዛባ ይችላል ብላችሁ የልብ ምርመራ አደረጋችሁላቸው፣ አሳድራችሁም ተከታተላችሁ። እናመሰግናለን።

የቅሬያችን፣ የዕድራችን ማለቴ ነው፣ አባላት ተራ ገብታችሁ አድራችኋል፣ ምሳ አመላልሳችኋል። መስጊድ ዱዓ ያደረጋችሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ሻማ ያበራችሁ፣ ወሎ እንዲህ ነው፣ ምንም አልጨምርበትም።

አሁን ስለ ኤሌክትሪክ ባለሙያው ዘመዳችን። ከኮምቦልቻ የሀረጎን ዳገት ወጥቶ መጥቶ የቤቱን መስመር ሙሉ በሙሉ ሠራልን፤ የዕቃውን እንጂ የእጁን አልተቀበለም። ገመዱን በቱቦ አስገብቶ ቆርቆሮ የማይደርስበት ቦታ አዞረው። ቆጣሪው ጋ ደግሞ ሌላ ዓይነት ብሬከር ጨመረ። የተለመደው ብሬከር ገመዱ ከመጠን በላይ ጭኖ እንዳይቃጠል ነው እንጂ ሰው ስለያዘ አይወርድም፤ ለመውረድ ብዙ የኤሌክትሪክ ጅረት ያስፈልገዋል። ይሄኛው ግን በጣም ትንሽ ጅረት፣ 30 ሚሊአምፔር ያህል፣ ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት ሲፈስ በቅጽበት ይቆርጣል። ቤታችሁ መኖሩን ባለሙያ ጠይቁ፣ እባካችሁ። ሌላም ነገር አስረዳን፦ ቆርቆሮው የነካው ከምሰሶ ወደ ቆጣሪ የሚመጣውን ገመድ ቢሆን ኖሮ ብሬከር ማውረድ ምንም አይጠቅምም ነበር፤ መብራቱ ያንን ገመድ አይለቀውም። ከዚያኛው ገመድ አጠገብ ጣሪያ የምትሠሩ ከሆነ መጀመሪያ መብራት ኃይል ሄዳችሁ ከምሰሶው እንዲያቋርጡላችሁ ጠይቁ።

ጣሪያውን የጨረሱልን የሰፈሩ አናጢዎች ናቸው። ሲሠሩ ቆሜ አየኋቸው። ከመውጣታቸው በፊት ብሬከሩን አወረዱ፣ ማንም እንዳያበራው አንድ ልጅ ቆጣሪው ሥር አስቀመጡ፣ ገመዱን በቴስተር ፈተሹ። መሰላሉን 4 ሜትር ወደ ላይ ከሆነ እግሩን 1 ሜትር ከግድግዳው አራቁት፤ ሲወጣም ሲወረድም ከታች የሚይዘው ሰው ነበር። ጠዋት በጸጥታው ሠርተው ነፋሱ ሲጀምር ወረዱ። አንዱን ቆርቆሮ ሳይመቱት ለነገ አሳደሩት። ለኔ ትልቅ ሰው ማለት ይሄ ነው፤ አንድ ቆርቆሮ ቀርቶት «በቃ፣ ነገ» ብሎ የሚወርድ።

ክረምቱ እየመጣ ነው፣ በየሰፈሩ መዶሻ ይሰማል። ብቻውን ጣሪያ ላይ ያለ ጎረቤት ካያችሁ ሄዳችሁ መሰላሉን ያዙለት። መብራቱ መጥፋቱንም ጠይቁት፤ አይቀየምም።

አንድ ያላገኘነው ሰው አለ። በቧንቧ ውሃ ሰፈር በኩል ስታልፍ አስቁመንህ፣ ተሳፋሪዎችህ ራሳቸው «ውሰዳቸው፣ ውሰዳቸው» ብለው ወርደውልን፣ አባታችንን ከተሸከምንበት በር ጋር ወለሉ ላይ አስተኝተህ ያደረስከን የሚኒባስ ሹፌር፣ ስምህን እንኳን አልጠየቅንህም። ሂሳብም አልተቀበልክም። ይሄን ካነበብክ፣ ወይም የሚያውቅህ ሰው ካነበበ፣ እባክህ ብቅ በል። ቤቱን ታውቀዋለህ። አባባ ሳልመርቀው ብለዋል።