መምህሩን «ቅጡልን» የምንለው እኛው ነን

ለተከበረው ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ትምህርት ቤቶች ደኅንነት በተነሣ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው በመምህራንና በአስተዳደር ላይ ነው። በአራት ኪሎና በፒያሳ አካባቢ ልጆቻችንን የምናስተምር ወላጆች ግን በየስብሰባው የምንናገረውን ልብ ያለ ሰው ተጠያቂውን ከግቢው ውጭም ይፈልግ ነበር። የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት ጠርቶን ስለ መዋጮ ተከራክረን ካበቃን በኋላ፣ አንዱ ወላጅ ተነሥቶ «ካጠፉ ሳትራሩ ቅጡልን» ማለቱ የተለመደ ነው፤ ተሰብሳቢውም ያጨበጭብለታል።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ውስጥ አካልን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ስለዚህ ወላጅ ለመምህሩ የሚሰጠው ፈቃድ፣ ወላጁ ራሱ የሌለው ሥልጣን ነው። በሌላ በኩል የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576 ለመልካም አስተዳደግ ሲባል የሚወሰድ፣ ከሕግ ያልወጣ የተግሣጽ ርምጃን ከቅጣት ውጭ አድርጎታል። ወላጁ ይህን «ከሕግ ያልወጣ» የሚለውን ሐረግ እንደ ልቡ እየተረጎመ ቤቱ ውስጥ ቀበቶ ሲያነሣ፣ ልጁ ክፍል ውስጥ ጓደኛውን ቢደበድብ ምን ይገርማል? ከአንድ ክፍል በታጨቁ ተማሪዎች መካከል ቀኑን የሚውል መምህርም፣ ሌላ ሥርዓት ማስከበሪያ ዘዴ ሳያሠለጥኑት፣ ከወላጅ የተቸረውን ዱላ አልቀበልም እንዲል መጠበቅ የዋህነት ይመስለኛል።

አካል ጉዳተኛ ተማሪዎችን በተመለከተም ነገሩ ከዚህ አይርቅም። የ2001 ዓ.ም. የሕንፃ አዋጅ ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ አዝዟል፤ መወጣጫውንም በጀት ሲገኝ መሥራት ይቻላል። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት ልጅ ከልጃቸው አጠገብ እንዳይቀመጥ ርእሰ መምህሩን በስውር የሚማጸኑ ወላጆች መኖራቸው ግን በበጀት የሚፈታ አይደለም። የሴት ተማሪዎች የወር አበባ ጉዳይም በስብሰባ ሲነሣ አባቶች አንገታችንን እንደፋለን፤ የመጸዳጃ ቤቱ ውኃ መቋረጥ ሳይነገር የሚከርመው በከፊል በዚሁ እፍረት ምክንያት ነው።

ይህን አመለካከት ለመለወጥ አንድ ቀን ሥልጠና ተሰጥቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ባነር ተጠቅልሎ የሚያልቅ ዘመቻ አይበቃም። በእኔ እምነት ተገቢው መድረክ እድር ነው፤ ከየቤቱ ሰው ስለሚገኝበት፣ የዳኛውም ቃል ስለሚከበር። ሰፈሮቻችን በኮሪደር ልማቱ ተበትነው የቆየ ጉርብትና በሳሳበት በዚህ ወቅት፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የተደባደበን ልጅ «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ የሚያስቆም ጎረቤትም እየጠፋ ነው። የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች የእድር ዳኞችን ከርእሳነ መምህራን ጋር በየወሰነ ትምህርቱ ቢያገናኙ ወጪው ከሻይ አይዘልም። የወላጅ ኅብረቱም በሚቀጥለው ስብሰባ የዱላን ጉዳይ አንደኛ አጀንዳ አድርጎ፣ መዋጮውን ወደ ሁለተኛ እንዲያወርድልን እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ወላጅ፣ ከአራት ኪሎ