ይድረስ ዲን ልትሆን ነው ለተባልከው ወንድሜ

ሰላም ነው ወንድሜ፣ ለጤናህ እንደምን ሰነበትክልኝ፣ እኔ ካንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ ብዬ እንደ ድሮው ልጀምር እንዴ ሃሃ። ሁለታችንም ጠፋን እኮ፣ ማን ማንን እንደሚወቅስ አይታወቅም ስለዚህ እንዝለለው። ሰሞኑን ከናንተ ዲፓርትመንት የወጣ አንድ ልጅ እዚህ ኮሎምበስ ኦሃዮ መጥቶ ቡና ላይ ተገናኘንና ስላንተ ሲያወራኝ ዲን ሁን ብለውህ እያቅማማህ እንደሆነ ነገረኝ፣ ቢሮ ከገባሁ ምርምሬ አለቀለት ትላለህ አሉ። እሱን ስሰማ ነው ልጽፍልህ የተነሳሁት፣ ምክንያቱም እኔ እዚህ ትራክ እየነዳሁ ማታ ማታ ልክ ያንተን ጥያቄ የኖረ አንድ ሰውዬ ላይ ሙጭጭ ብዬ ከርሜያለሁ።

ቻርልስ ዌስሊ ይባላል፣ የታሪክ ሰው ነው፣ ኋላም የኮሌጅ ፕሬዝዳንት። (ዓመተ ምህረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው፣ እየቀነስክ አትድከም።) 1891 ላይ ሉዊቪል ኬንታኪ ተወለደ፣ ናሽቪል ፊስክ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ በ1911 ጨረሰ፣ እዛ እያለ ይዘፍናል ኳስ ይጫወታል ክርክር ላይም አለ፣ በ1913 ከዬል ማስተርሱን ይዞ ዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ። በዛ ላይ የኤ ኤም ኢ ቤተክርስቲያን ፓስተር ነው፣ የጥቁር ሜቶዲስቶች ማለት ነው፣ ስለዚህ በሳምንቱ ያስተምራል እሁድ ይሰብካል። ፒኤችዲውን በ1925 ከሃርቫርድ አገኘ፣ ከታዋቂዎቹ የጥቁር ታሪክ ምሁራን ከነ ዱ ቦይስና ካርተር ዉድሰን በኋላ እዛ በር ከደረሱት ጥቂት ጥቁሮች አንዱ ነው።

አሁን ጆሮህን ስጠኝ፣ 1927 ላይ ያወጣው መጽሐፍ ላንተ የተጻፈ ነው የሚመስለው። ከ1850 እስከ 1925 ድረስ የአሜሪካ ጥቁር ሰራተኛ ታሪክ ነው። ያኔ ጥቁር ከባርነት ሲወጣ ሰነፈ፣ አለቃ ከሌለው አይሰራም፣ ሙያም የለውም የሚል ወሬ እንደ እውነት ተወስዶ ነበር እና ሰውዬው ምን አደረገ፣ ጩኸት የለ ምን የለ፣ የህዝብ ቆጠራውን ሰነዱን ምኑን ይዞ ቁጭ አለ፣ አናጢው አንጥረኛው ግንበኛው በባርነት ጊዜም ነበረ ከዛም በኋላ ነበረ፣ ችግሩ ነጮቹ የሰራተኛ ማህበራት በር ዘግተውበት ነው እንጂ እጁ ሙያ ስላጣ አይደለም ብሎ አሳየ። ያንተ የሸማኔና የቀጥቃጭ ድራፍት ትዝ አለኝ ስልህ። እኛ አገርም ባለሙያውን ቀጥቃጭ ጥበብ ምናምን እያልን ሰድበን ስናበቃ ማረሻውንም ኩታውንም ከሱ ነው የምንገዛው፣ ያንን የሚጽፍ ሰው ደግሞ ያለው አንተ ነህ።

ሌላው ትልቁ መጽሐፉ 1937 ላይ የወጣው ነው፣ መሰረቱ የሃርቫርድ ጥናቱ ነው፣ ስለ ደቡቦቹ ኮንፌዴሬሲ አወዳደቅ፣ ባርነትን አንለቅም ብለው ከአሜሪካ የተገነጠሉት ግዛቶች ማለት ነው። ሁሉም ሰው ደቡብ በጦር ሜዳ ተሸነፈ ሲል እሱ ቆይ እስቲ ውስጡን እንየው አለ፣ ህዝቡ ተስፋ ቆርጧል፣ ኢኮኖሚው ተናግቷል፣ ወታደሩ እየከዳ ወደ ቤቱ እየሄደ ነው፣ ጄኔራላቸው ሊ እጅ ከመስጠቱ በፊት ነገሩ ከውስጥ ፈርሷል ነው የሚለው። ጥቁር ምሁር ስለ ጥቁር ብቻ እንዲጽፍ በሚጠበቅበት ዘመን የነጮቹን ጦርነት ራሱን አንስቶ መተንተኑ ለኔ ከመጽሐፉ እኩል የሚደነቅ ነው።

ሃዋርድ የነበረበት ጊዜ ደግሞ የኛም ታሪክ ነው። ሊዮ ሃንስቤሪ እዛው ዲፓርትመንት የአፍሪካ ታሪክ ያስተምራል፣ የኛው መላኩ በያን እዛው ህክምና ተምሮ 1935 ላይ ተመርቆ በቀጥታ ወደ ጦርነቱ አገሩ ገባ። ዌስሊም ዝም አላለም፣ በዛው ዓመት ግንቦት ላይ፣ ወረራው ሊጀመር ወራት ሲቀሩት፣ ኦፖርቹኒቲ የሚባለው የጥቁሮች መጽሔት ላይ የጣሊያንና የአቢሲኒያ ጉዳይ ትርጉሙ ምንድነው ብሎ ጽፏል። ስድስት ኪሎ ያን ሁሉ ስለ ጣሊያን ወረራ ስንማር ስሙን የጠራልን ሰው ትዝ ይልሃል? እኔ አይለኝም።

ወደ ቢሮው ልመለስ። ሃዋርድ የድህረ ምረቃ ዲን ነበር፣ ከዛ በ1942 ኦሃዮ ዊልበርፎርስ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዝዳንት አደረጉት። ዊልበርፎርስ 1856 ላይ የተመሰረተ ነው፣ ከ1863 ጀምሮ የኤ ኤም ኢ ቤተክርስቲያን ንብረት፣ ችግሩ 1887 ላይ የኦሃዮ ስቴት እዛው ግቢ ውስጥ በራሱ ገንዘብ የመምህራንና የሙያ ክፍል ከፍቶ ነበር፣ ስለዚህ አንድ ግቢ ሁለት ጌታ። አንዱ ቤተክርስቲያን አንዱ መንግስት፣ አንተ መሀል ላይ ፕሬዝዳንት ነህ እንበል፣ በጀቱን ማን ያዛል ቅጥሩን ማን ያዛል፣ አስበው እንግዲህ። በ1947 ነገሩ ፈነዳ። የቤተክርስቲያኑ ወገን ቦርድ ሰውዬውን፣ የራሱን ፓስተር፣ አሰናበተው፣ ስቴቱ ደግሞ የራሱን ክፍል ገንጥሎ ለብቻው ኮሌጅ አደረገና ዌስሊን ፕሬዝዳንት አድርጎ አስቀመጠው፣ ብዙ አስተማሪና ተማሪም ተከትሎት ሄደ። ዛሬ ሴንትራል ስቴት የሚባለው እሱ ነው። ባለፈው በዛ በኩል ሳልፍ ጎራ ብዬ አየሁት፣ ከኮሎምበስ አንድ ሰዓት ምናምን ነው፣ ሁለቱ አሁንም ጎረቤት ናቸው። እኔ በበኩሌ ማንም ንጹህ ነው ብዬ አላስብም፣ ቤተክርስቲያኑም ከባሪያ አሳዳሪ ዘመን ጀምሮ በድሃ ሳንቲም ያቆየው ቤት ነው፣ ተነጠቅሁ ቢል አይፈረድበትም።

እዛ እስከ 1965 ቆየ፣ ሁለቱ ሲደመር 23 ዓመት ፕሬዝዳንትነት! ሊዮንታይን ፕራይስ፣ ሜትሮፖሊታን ኦፔራን ያንቀጠቀጠችው፣ በሱ ጊዜ ዊልበርፎርስ ገብታ ከመለያየቱ በኋላ በስቴቱ ኮሌጅ በኩል 1948 ላይ ተመረቀች። እና መጽሐፉስ ትለኛለህ። እውነቱን ልንገርህ ፍርሃትህ ልክ ነው። ፕሬዝዳንት ከሆነ በኋላም መጻፉን አላቆመም፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ ለሰፊው አንባቢ የታሰቡ ጥሩ ጥሩ ቅጾች አውጥቷል፣ ግን እንደ 1927ቱና እንደ 1937ቱ ሰነድ ላይ ተኝቶ የተጻፈ ስራ ተመልሶ አልመጣም። ይሄ የኔ አስተያየት ነው፣ ሌላ ሰው ሌላ ሊል ይችላል።

ግን ሂሳቡን ልብ በል፣ ፕሬዝዳንት ሲሆን 50 ዓመቱ ነበር፣ ትልልቆቹ መጽሐፎች ወጥተው ሼልፍ ላይ ናቸው። ያንተ ገና ላፕቶፕ ውስጥ ነው ያለው ባክህ! ስለዚህ እኔን ከጠየቅከኝ፣ ባትጠይቀኝም እነግርሃለሁ፣ ዲንነቱን አትቀበል ሳይሆን ዘንድሮ አትቀበል ነው የምልህ። ድራፍቱን ጨርስና አሳታሚ እጅ ይግባ፣ ወንበሩ የትም አይሄድም፣ ደግሞም የሚጎትቱህ ሌላ ሰው አጥተው እንደሆነ አንተም ታውቃለህ።

እርጅናውንም ሳልነግርህ አላልፍም። ከኮሌጁ ሲወጣ ዉድሰን የመሰረተውን የጥቁሮች ታሪክ ማህበር ዳይሬክተር ሆኖ እስከ 1972 መራ፣ 1976 ላይ በ84 ዓመቱ ፊላዴልፊያ አዲስ የተከፈተውን የጥቁሮች ሙዚየም ያዘ፣ በዚህ ሁሉ ላይ 1979 ላይ ዶሮቲ ፖርተርን አገባ። ማን መሰለችህ፣ የሃዋርድ ላይብረሪያኗ፣ ያኔ ዲዊ በሚባለው የቤተ መጻሕፍት የቁጥር አመዳደብ ጥቁር የጻፈው ነገር ሁሉ፣ ግጥምም ይሁን፣ ወይ ቅኝ ግዛት 325 ወይ ባርነት 326 ውስጥ ይወረወር ነበር፣ እሷ ነች አልቀበልም ብላ በየርዕሱ ያስቀመጠችው። ሁለት ባለ ሰነድ ሽማግሌዎች፣ ምን ሲያወሩ ያመሹ ይሆን እላለሁ። እሱ 1987 ላይ በ95 ዓመቱ አረፈ።

በል እንግዲህ፣ የቀጥቃጮቹን ምዕራፍ በቴሌግራም ላክልኝ፣ ጭነት እስኪወርድ የምጠብቅበት ሰዓት ሞልቶኛል ቁጭ ብዬ አነባለሁ፣ አስተያየቴንም እንደ ድሮው በቀይ። የ1927ቱን መጽሐፍ ኮፒ ካገኘሁ ለሚመጣ ሰው አስይዤ እልክልሃለሁ፣ የሰራተኛ ማህበራቱን ክፍል ከሁሉ አስቀድመህ አንብበው። ለባለቤትህና ለልጆቹ ሰላም በልልኝ፣ ለጋሼም እንደዚሁ፣ ጉልበታቸው እንዴት ሆነ? እሱንም ጻፍልኝ።

ያንተው