ስለ ቆመው የአስፋልት ሥራና ስለ ሬንጅ ዋጋ

ነሐሴ 2017 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ሰኔ ላይ የጀመርነውን የግቢና የመኪና ማቆሚያ አስፋልት ሥራ ክረምቱ ሲገባ ቤዝ ኮርስ (ከአስፋልቱ ሥር የሚጠቀጠቀው ጠጠር) ላይ አቁመን መውጣታችን ብዙዎቻችሁን አስቆጥቷል። «ቀብዳችንን በልታችሁ ጠፋችሁ» የሚል መልእክትም ደርሶናል። እንደምናቆም አስቀድመን በጽሑፍ አለማሳወቃችን የእኛ ጥፋት ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። ማቆማችን ግን ጥፋት አይደለም። ለከርሞም ያንኑ እናደርጋለን።

ትኩስ አስፋልት ከማምረቻው ሲወጣ ከ150 እስከ 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል። ሮለሩ መጠቅጠቁን መጨረስ ያለበት ሙቀቱ ከ85 ዲግሪ በታች ሳይወርድ ነው። 5 ሴንቲሜትር ለሚሆን ንጣፍ በደረቅ ቀን የምናገኘው ጊዜ ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲሆን ካፊያ ከመታው ያም የለም። ሳይጠቀጠቅ የቀዘቀዘ አስፋልት ውስጡ ክፍተት ይበዛዋል፤ በዚያ ውሃ ይገባና ሬንጁን ከጠጠሩ ያላቅቀዋል።

ከላይ የሚዘንበው ደግሞ ትንሹ ችግር ነው። የሚያስፈራን ከሥር የተቋጠረው እርጥበት ነው። ቤዝ ኮርሱ ሳይደርቅ ትኩስ አስፋልት ከተዘረጋበት ውሃው እንፋሎት ሆኖ መውጫ ሲፈልግ ንጣፉን ከሥሩ ይበላዋል። ከንጣፉ በፊት ጠጠሩ ላይ የሚረጨው ኤምሲ 30 የተባለ ቀጭን ሬንጅም በካሬ ሜትር 1 ሊትር ያህል ፈሶ፣ ጠጠሩ ውስጥ ሰርጎ እስኪደርቅ አንድ ሁለት ቀን ዝናብ የሌለበት ጊዜ ይፈልጋል። በሐምሌ ይህን ማን ያገኛል? ዝናብ ከቀደመው ታጥቦ ቱቦ ውስጥ ይገባል፤ ገንዘባችሁም አብሮ።

«የጎረቤታችን ግቢ በሐምሌ ተነጥፎ የለም ወይ?» ብላችሁናል። ተነጥፏል፤ ጥቁረቱም ያምራል። ጥር ላይ ዳር ዳሩን ሄዳችሁ እዩልን። በክረምት ዋና መንገድ ላይ ጉድጓድ ሲደፈን ያያችሁትም ቢሆን አደጋ ለመከላከል የሚደረግ ጊዜያዊ ጥገና እንጂ ንጣፍ አይደለም።

ጠጠሩ መድረቁን ራሳችሁ ብትሞክሩት ደግሞ ደስ ይለናል። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ላስቲክ ጠጠሩ ላይ ዘርጉና ዳሩን በአሸዋ አፍኑት። ፀሐይ ላይ ሁለት ሦስት ሰዓት ቆይቶ ከሥሩ የውሃ ጠብታ ከያዘ ጠጠሩ ገና አልደረቀም።

ቦሌ ቡልቡላ በኩል ያላችሁ «ይህን ያህል ምን አስቆፈራችሁ?» ላላችሁንም መልሱ እዚያው መሬቱ ላይ አለ። ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ላዩ ያለውን አስፋልትም አብሮ ይሰነጥቀዋል። ቆርጠን አውጥተን ሰለክት በሚባል የተመረጠ አፈር የተካነው ለዚህ ነው።

እስከዚያው አሸዋ የጫነ ሲኖ ጠጠሩ ላይ አታስገቡ። ውሃ ከተኛ ወደ ቱቦው የሚወስድ ቦይ በአካፋ ክፈቱለት። ጉድጓድ ቢፈጠር አፈርም ሆነ የግንባታ ፍርስራሽ አትሙሉበት፤ ጭቃ ይሆንና ኋላ ቆርጠን ማውጣት ግድ ይለናል። ደውሉልን፣ ያንኑ ጠጠር በነፃ እናመጣለን።

ሁለተኛው ቅሬታ «የሬንጁ ዋጋ ውላችን ላይ ካለው ለምን ይለወጣል?» የሚለው ነው። 600 ካሬ ሜትር ግቢ ተጠቅጥቆ 5 ሴንቲሜትር እንዲሆን 70 ቶን ገደማ አስፋልት ይበላል። ከዚህ ውስጥ ሬንጁ 5 በመቶ ቢሆን 3.5 ቶን ነው፤ 20 በርሜል ያህል። ሬንጅ ደግሞ በዶላር ተገዝቶ የሚገባ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዋጋ የሚይዝልን ማምረቻ አላገኘንም። ስለዚህ ሬንጁን ብቻ በሚነጠፍበት ቀን ዋጋ እናስባለን፤ ደረሰኙንም እናሳያችኋለን። ጉልበት፣ ማሽንና ቤዝ ኮርስ በውላችን እንዳለ ይቆያል። ፊኒሸሩን (አስፋልት የሚዘረጋውን ማሽን) እና ሮለሩን ዳግም የሚያመላልሰውን የሎቤድ (የከባድ ማሽን ማጓጓዣ መኪና) ኪራይም እኛ ችለነዋል። ቀላል ወጪ አይደለም፤ ግን አልጠየቅናችሁም።

«ወደ 3 ሴንቲሜትር አውርዱትና ዋጋው ይቀንስ» ያላችሁን ግን አናስተናግድም። ስስ ንጣፍ ሳይጠቀጠቅ ይቀዘቅዛል፤ የቆመ መኪና መሪ ሲያዞርበትም ይላጣል። በአንዲት ትንሽ ሮለር ጉድጓድ በመድፈን የጀመርን ሰዎች ነን፤ የትኛው ሥራ በሁለት ወሩ ተመልሶ እንደሚነሳ እናውቃለን።

ዝናቡ ካቆመ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ቀብድ በተከፈለበት ተራ እንመጣለን። በመጀመሪያ ተዳፋቱን እንደገና እንለካለን፤ በአንድ ሜትር 2 ሴንቲሜትር መውረድ አለበት። ቀጥለን ጠጠሩን ጠቅጥቀን ኤምሲ 30 እንረጫለን፤ እሱ ሲደርቅ አስፋልቱ ይነጠፋል። ከዚያ በኋላ 24 ሰዓት መኪና አይገባም፤ ናፍጣ የሚያንጠባጥብ መኪና ደግሞ ከ24 ሰዓትም በኋላ ባይቆምበት ይሻላል፣ ሬንጁን ያሟሟዋል።

መጠበቅ ያልፈለገ ደንበኛ ውሉን ይዞ ይምጣ፤ የተሠራውን ለክተን ቀሪውን ቀብድ እንመልሳለን። ብትጠብቁን ግን እንወዳለን። ከእናንተ ውስጥ ሦስተኛና አራተኛ ግቢያቸውን የሰጡን አሉ፤ የእነሱ ቅሬታ ነው ይበልጥ ያሳዘነን።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት