ይድረስ ለአብሮ አደጌ፦ ስለ ዝናርና ስለ ሽጉጥ አፎት ቆዳ

ዴንቨር፣ ኮሎራዶ

ለምወድህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ አምላክ ይመስገን፣ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ።

ስንት ዘመን ዝም ተባባልን! አንተ ዳላስ የከባድ መኪና መሪ ይዘህ፣ እኔ እዚህ ኮርቻ በሚሰፋበት ሱቅ አቀርቅሬ፣ ልጅ ማሳደጉ፣ የቤት ኪራዩ እያለ ዓመታቱ ሄዱ። መልእክትህን ደጋግሜ አነበብኩት። ከሁሉ በላይ ደስ ያሰኘኝ ወስፌና መርፌ እንደገና ማንሳትህ ነው። መርካቶ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ጃኬት ስንቆርጥ እንዳንተ ያለ ዓይን ያለው ሰው አላየሁም፤ ያኔ ነግሬህ ካልሆነ አሁን እወቀው።

አሁን ወደ ጥያቄህ። አንድ የቴክሳስ ሰው የድሮ ካውቦይ ዓይነት ዝናርና ሁለት የሽጉጥ አፎት እንድትሠራለት አዟል፤ አንተም «ለኮርቻ የሚሆነውን ከባዱን ቆዳ ገዝቼ ሁሉንም ከእሱ ላውጣ?» ትለኛለህ። ወንድሜ፣ እባክህ እንዳታደርገው። እኔና አንተ እጃችንን ያሟሸነው በአገራችን የደጋ በግ ሌጦ ነው፤ አንድ ሚሊ ሳይሞላ ጠንካራ በመሆኑ ለጓንትና ለጃኬት የተመሰገነ ቆዳ። ከዚያ የመጣ ሰው ሽጉጥ ለመሸከም ሲባል ወፍራም ሁሉ አስተማማኝ ይመስለዋል። ግን በዚህ ሥራ ውስጥ ያሉት ቁራጮች ሥራቸው የተለያየ ነው። ቀበቶው ይሸከማል፣ አፎቱ ቅርጽ ይይዛል፣ የጥይት ማስገቢያው አንቆ ይይዛል፣ ገበሩ ያለሰልሳል። እያንዳንዱ የየራሱን ውፍረት ይፈልጋል።

ከዚያ በፊት ግን የቆዳው ዓይነት። ክሮም ቆዳ፣ በክሮም ጨው የለፋው፣ ለዚህ አይሆንም፤ አርጥበህ ቅርጽ ብታስይዘው ሲደርቅ መልሶ ይላላል፣ ውስጡ የሚቀረው ጨውም ከብረት ጋር አይስማማም። የምትገዛው በዛፍ ቅርፊት የለፋውን የከብት ቆዳ ነው። እኔ የምጠቀመው ሴንት ሉዊስ ያለውን፣ እ.ኤ.አ. ከ1881 ጀምሮ የሚሠራውን የቆዳ ፋብሪካ፣ የኸርማን ኦክን ቆዳ ነው፤ የፔንሲልቬኒያው ዊኬት ኤንድ ክሬግም ጥሩ ነው። ፎርት ዎርዝ ቅርብህ ስለሆነ ታንዲ ሌዘር የሚባለው የቆዳ መደብር ጎራ ብለህ መጀመሪያ በጣትህ አጥፈህ እየው።

ውፍረቱን የሚነግሩህ በአውንስ ስለሆነ አትደናገር። አንድ ስኩዌር ፊት ቆዳ አንድ አውንስ ከመዘነ ውፍረቱ 1/64 ኢንች፣ ማለትም 0.4 ሚሊ ገደማ ነው ብለው ያሰሉታል። ስለዚህ 10 አውንስ ሲሉህ 4 ሚሊ ነው። «8–9» እያሉ በሁለት ቁጥር የሚሸጡትም ቆዳው እዳር እስከ ዳር እኩል ስለማይሆን ነው። ለኮርቻ የሚሆነው፣ አንተ ያሰብከው፣ 13–15 አውንስ ነው፤ ከ5 ሚሊ ይበልጣል፣ አንዳንዱም 6 ሚሊ ይሞላል።

ከዝናሩ ልጀምር፣ ክብደቱ ያለው እዚያ ነውና። የድሮው ባለ ስድስት ጎራሽ ኮልት ሽጉጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1873 የወጣው፣ ባዶውን አንድ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ደንበኛህ ሁለት ነው የሚታጠቀው። ሃያ አምስት .45 የሚባለው መጠን ጥይት ሲጨመርበት ከግማሽ ኪሎ በላይ ነው፤ ከቆዳው ጋር ከሦስት ኪሎ ይበልጣል። ይህን ቀኑን ሙሉ በወገቡ የሚይዝ ሰው ቀበቶው ከጠበበና ከሳሳ ዳሌው ላይ ይጠቀለልበታል። ለአንድ ሽጉጥ ቢሆን ነጠላ 10–12 አውንስ ይበቃ ነበር። ለሁለት ግን ውጪው 8–9፣ ገበሩ 6–7 አውንስ ሆኖ ተጣብቆ ቢሰፋ ነው የምመርጠው። በድምሩ 6 ሚሊ አካባቢ ይደርሳል። «ያው ስድስት ሚሊ ከሆነ ለምን አንዱን ወፍራም አልቆርጥም?» እንደምትል አውቃለሁ። ሁለት ቆዳ ተጣብቆ በዳርና ዳር ሲሰፋ አንዱ ሌላውን ስለሚይዘው እንደ ነጠላው ቶሎ አይለጠጥም። በዚያ ላይ በሁለቱም ፊት ለስላሳው ገጽ ይወጣል፣ የጥይት ማስገቢያው ስፌትም ገበሩ ሥር ተደብቆ ልብስ አይፈትግም።

ገበሩን ስታጣብቅ አንድ ነገር ልብ በል። ሁለቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተህ ካጣበቅህ፣ ሰውየው ሲታጠቀው የውስጡ ይሸበሸባል። የውጪው ክብ ከውስጡ ይበልጣላ! በነገርኩህ ውፍረት ሙሉ ዙሩ ላይ ወደ ሁለት ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ልዩነት አለ። ስለዚህ ማስቲሹን ቀብተህ ከመሃል ጀምር፤ ቀበቶውን በሚታጠቅበት አቅጣጫ እያጎበጥህ ወደ ጫፎቹ አጣብቀው። ገበሩን ረዘም አድርገህ ቁረጥና የተረፈውን በኋላ ከርክመው። ዘለበቱ ጋ የሚታጠፈውን ጫፍ ደግሞ በካራ ግማሽ ድረስ ፋቀው፣ አለዚያ እብጠት ይሆናል።

የጥይት ማስገቢያው 5–6 አውንስ፣ 2 ሚሊ አለፍ ያለ ይሁን። ከዚህ ከወፈረ ጥይቱን አይጨብጥም፣ መጠምዘዣው ላይም ይሰነጠቃል። ከሳሳ ደግሞ ተለጥጦ ጥይቱ ሲሮጥ ይወድቃል። ከመቁረጥህ በፊት የጥይቱን ዓይነት ጠይቀው፤ የ.45 ኮልት ቀለህ 12.2 ሚሊ ሲሆን የ.38 ግን 10 ሚሊ አይሞላም። ዛሬ በካውቦይ ተኩስ ውድድር ብዙዎች .38 ስለሚመርጡ፣ «ኮልት ነው» ስላለህ ብቻ .45 ነው ብለህ አትደምድም። ለደንበኛው ደግሞ ጥይቱን ዝናሩ ላይ ሰክቶ እንዳያስቀምጥ ንገረው። ቆዳው ውስጥ ያለው አሲድ ከነሐሱ ጋር ሲቆይ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። አንሰን ሚልስ የተባለው የአሜሪካ የጦር መኮንን በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሸራ ሽምን ዝናር ያመጣው አንዱም በዚህ ምክንያት ነው።

አፎቱ ላይ ነው ልብህን እንድትጥል የምፈልገው። እዚህ ወፍራም ቆዳ ሥራህን ያበላሽብሃል። ደንበኛህ የፈለገው ዓይነት፣ አፎቱ ከኋላው በሚታጠፈው ሰፊ ቆዳ ላይ በተቀደዱ ማነቂያዎች ውስጥ የሚያልፈው፣ ሜክሲኮ ሉፕ የሚሉት ነው። ዝናሩ በእጥፋቱ ውስጥ ያልፋል። እንግዲህ ቁጠር፤ ከሰውየው ዳሌ እስከ ሽጉጡ ድረስ የኋላው ቆዳ፣ ዝናሩና የአፎቱ ጀርባ ይደራረባሉ። ሁሉም 6 ሚሊ ከሆነ ሽጉጡ ገና ሳይገባ 18 ሚሊ ሆነ። እጀታው ከጎኑ ርቆ ይንጠለጠላል፣ ሲቀመጥ ወንበሩን ይገፋል። የአፎቱ ዋና ስፌትም ሁለት እጥፍ ስለሆነ 12 ሚሊ ነው። በአንድ ክር በሁለት መርፌ ስትሰፋ ወስፌው ያን ሁሉ ቀጥ ብሎ አያልፍልህም፤ ከፊት የተዋበው መስመር በጀርባ በኩል እባብ ይሆናል። አርጥበህ ስታጥፈው ደግሞ እጥፋቱ ላይ ገጹ ይሰነጠቃል፣ የከበሮውንም፣ ጥይቱ የሚጎርስበትን ክብ ቤት፣ እብጠት አይቀበልም።

ስለዚህ ነጠላ ከሆነ 9–10 አውንስ፣ ገበር ካለው ውጪው 7–8፣ ውስጡ 3–4። እኔ ባለ ገበሩን አጥብቄ እመክርሃለሁ። ለስላሳው ገጽ ወደ ብረቱ ስለሚዞር ሽጉጡ ሲወጣ ሻካራው የሥጋ ገጽ አይፈትገውም፣ የፊቱም ማነጣጠሪያ ቆዳ እየላገ አይወጣም። ትልቁ ጥቅም ግን አፉ ላይ ነው። አፎቱ ሽጉጡ ሲወጣ አፉን ከፍቶ መቆየት አለበት። አፉ ከተኮማተረ ሰውየው ሽጉጡን ለመመለስ በሌላ እጁ ይከፍተዋል፤ ያ እጅ ደግሞ ከአፈሙዙ ፊት ነው ያለው። ይህ የጌጥ ጉዳይ አይደለም፤ የሰው እጅ ነው። አፉ አካባቢ ማጠናከር ካስፈለገህ ሁለቱ ቆዳዎች መሃል አንድ ተጨማሪ ቁራጭ ክተት እንጂ ሙሉውን አታወፍር።

ድሮ የተሠሩትን ብታይ ታምነኛለህ። የሳን ፍራንሲስኮው ሜይን ኤንድ ዊንቸስተር፣ የቼየኑ ሚኔያ፣ እዚሁ ዴንቨር የነበረው ሃይዘር የሠሯቸው አፎቶች አብዛኞቹ በነጠላ ቆዳ፣ አንተ ከምታስበው በጣም የሳሱ ናቸው። የያኔ ከብት ጠባቂ በፈረስ ላይ ውሎ የሚያድር ሰው ስለሆነ ገላው ላይ የሚተኛ ነገር ነበር የሚፈልገው። ከቀበቶዎቻቸውም ብዙዎቹ ስስ ቆዳ ታጥፎ የተሰፋባቸው፣ ሳንቲም ውስጣቸው የሚያዝባቸው ነበሩ። ያ ወፍራምና ደረቅ፣ እስከ ጭን ድረስ ወርዶ የሚታሰረው ዝናር የሆሊውድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹማ የሆሊውዱ አፎት ሠሪ አርቮ ኦጃላ ለፈጣን መዘዛ ሲል ሁለቱ ቆዳዎች መሃል ብረት ከትቶበታል። ደንበኛህ የትኛውን እንደሚፈልግ ሳታውቅ አትቁረጥ። ከዳላስ ኦክላሆማ ሲቲ ሦስት ሰዓት መንገድ ነው፤ እዚያ ያለውን የካውቦይ ሙዚየም ልጆቹን ይዘህ ሂድ።

ከቆዳው የትኛውን ቦታ እንደምትቆርጥ ላንተ አልነግርህም፣ ታውቀዋለህ፤ ዝናሩ ከጀርባው፣ በአከርካሪው ርዝመት። የሆድ ዕቃ በኩል ያለው ልክ ያንኑ ያህል ቢወፍርም ይለጠጣልና ለአፎትም አትጠቀመው። ዘይት ስትቀባ ሁለት ጊዜ ስስ አድርገህ ብቻ። ካበዛህ የከፈልክበት ድርቀት ሁሉ ይሄዳል።

ቆዳውን ከመግዛትህ በፊት ሦስት ነገር ላክልኝ፦ ሱሪውንና ሸሚዙን እንደለበሰ ዝናሩ በሚያርፍበት ቦታ የዳሌውን ዙሪያ፣ የአፈሙዙን ርዝመት (4¾ ነው፣ 5½ ወይስ 7½ ኢንች?) እና የጥይቱን ዓይነት። የአፎቱን ልክ በወረቀት ቆርጬ በፖስታ እልክልሃለሁ፤ ለገበር የሚሆን የተረፈኝ 3–4 አውንስ ቆዳም አብሬ አስገባለሁ። ማታ ከሥራ ስትገባ ደውልልኝ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቤት ነኝ።

ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታዬን አቅርብልኝ።

የሚወድህ ወንድምህ