ቅዳሜ ልጆቻችንን እናስመርምር
ሰላም እናቶችና አባቶች፣ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ወይም ሲወለዱ የታፈኑ ልጆቻችን የሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ምልክት ይኖራቸው እንደሆነ በጊዜ እንዲታይ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጤና ጣቢያው አዳራሽ እንገናኝ። ፊዚዮቴራፒስቷ ትኖራለች።

የክትባት ካርድና ከሆስፒታል ስትወጡ የተሰጣችሁን ወረቀት ያዙ። ከ3 እስከ 5 ወር የሆነ ልጅ ካላችሁ የ3 ደቂቃ ቪዲዮ ቅረጹ፤ በጀርባው ተኝቶ፣ ነቅቶ፣ ሳያለቅስ፣ እጅና እግሩ ተገልጦ፣ ያለ መጫወቻ። ዕድሜው የሚቆጠረው መወለድ ከነበረበት ቀን ነው። 2 ወር ቀድሞ የመጣ የ5 ወር ልጅ እዚህ ላይ 3 ወሩ ነው። በቪዲዮው የምትፈለገው ትንንሽ፣ የማታቋርጥ የእጅ፣ የእግርና የአንገት እንቅስቃሴ ናት። ከሌለች ቶሎ መከታተል ያስፈልጋል።

ዓመት ሳይሞላው በአንድ እጁ ብቻ የሚይዝም ይምጣ። እኔ «ቀስ እያለ ይስተካከላል» ተብዬ 4 ወር አባክኛለሁ።

የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ የልጃችሁን ዕድሜ እዚሁ ጻፉልኝ።