ቢላዋዎቼን ለደበቃችሁልኝ፣ መልሳችሁም ለሰጣችሁኝ

ልጄ ባለፈው እሑድ 1 ዓመት ሞላው። ድፎ ተደፍቶ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ዋለ። ምስጋና ልናገር ብዬ ተነሥቼ ነበር። አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝና ተቀመጥኩ። ያን ቀን ያልወጣልኝን ነገር አሁን ልጻፈው።

አምና እንደታመምኩ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ምን እንደታመምኩ የምታውቁት ግን በጣት የምትቆጠሩ ናችሁ። "ደም ግፊት ነው" የተባላችሁ አላችሁ። "ወገቧን ነው" የተባላችሁም አላችሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ። እውነቱን ለመናገር አቅም አልነበረኝም። ዛሬ አለኝ።

የጀመረኝ በተወለደ በ11ኛው ቀን ነው። እማዬ ልታርሰኝ ከደብረ ብርሃን መጥታ ነበር። እሷ ጓዳ አጥሚት ታማስላለች። እኔ ልጁን በአንድ እጄ እንዳቀፍኩ ብርቱካን ልልጥ ቢላዋ አነሣሁ። ድንገት "ብትወጊውስ?" የሚል ሐሳብ መጣ። ምስሉም አብሮ መጣ። እጄ ከዳኝ። ቢላዋውን ጣልኩት። ልጁን ለእማዬ ሰጥቼ መታጠቢያ ቤት ገባሁና በሩን ቆልፌ ተንቀጠቀጥኩ።

4 ዓመት ስለት ተስዬ ያገኘሁት ልጅ ነው። ሲያስነጥስ እንኳን ልቤ ይሰነጠቅ ነበር። ይሄ ሐሳብ ከየት መጣ?

ከዚያ ቀን በኋላ አልለቀቀኝም። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ላይ ነው። በረንዳው አስፈራኝ። ሳፋው አስፈራኝ። ትራሱ አስፈራኝ። ልጁን ማጠብ ተውኩ። ሌሊት ሌሊት ቁጭ ብዬ እብሰለሰላለሁ። "ለምን አሰብኩት? ያሰበ ሰው ያደርገዋል? ደግ እናት እንዲህ ታስባለች?" አንዱን ጥያቄ መልሼ ሳልጨርስ ሌላው ይመጣል። ይነጋል። ጸሎት ያዝኩ። እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ 41 ጊዜ እላለሁ፤ መሐል ላይ ሐሳቡ ጣልቃ ከገባ ተበላሸ ብዬ ከ1 እጀምራለሁ። 2 ሰዓት የፈጀብኝ ሌሊት አለ።

በ40ኛው ቀን ክርስትና ሊነሣ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ሁሉም እልል ይላል። እኔ "በዚህ ቦታ እንኳን ካልተወኝ እኔ ምን ዓይነት ፍጥረት ነኝ?" እል ነበር። ፎቶው ላይ ፈገግ ብያለሁ። ያንን ፎቶ ያያችሁ ሁሉ "እንዴት አምሮብሻል" ብላችሁኛል።

እንግዲህ ምስጋናዬን ልጀምር።

እትዬ፣ የፊት ለፊት በር ጎረቤቴ። አንድ ማለዳ 5 ቢላዋና 2 መቀስ በፌስታል ጠቅልዬ በርዎን አንኳኳሁ። "እባክዎ ያስቀምጡልኝ" አልኩ። ለምን አላሉኝም። ተቀብለው ከቁም ሣጥኑ ላይ አስቀመጡና "ቡናው ደርሷል፣ ግቢ" አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ የተከተፈ ሽንኩርት በሳህን ይዘው ይመጡ ነበር። ለእኔ "ለራሴ ስከትፍ ተረፈኝ" ይሉኛል። 3 ወር ሙሉ ሽንኩርት እንዴት ይተርፋል? በኋላ ሐኪሞቹ ቢላዋ መደበቁ ራሱ በሽታውን እንደሚመግበው ነገሩኝ። እውነት ነው። የእርስዎ ሳህን ግን እኔን መግቦኛል።

ባለቤቴ። በቀን 50 ጊዜ "እኔ ልጄን የምጎዳ ሰው ነኝ?" ብዬ ጠይቄሃለሁ። 50 ጊዜ "አይደለሽም" ብለኸኛል። መልስህ 10 ደቂቃ ያሳርፈኛል። ከዚያ እንደገና እጠይቃለሁ። መጨረሻ ላይ አንድ ሌሊት ሁሉንም አወጣሁት። ምስሉን ሳይቀር። ልጁን ይዘህ የምትወጣ መስሎኝ ነበር። አንተ ግን ልጁን አንሥተህ እጄ ላይ አስቀመጥከው። "ነገ ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን" አልክ። ሌላ ምንም አልጨመርክም።

መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ አልቀናንም። ያነጋገረኝ ባለሙያ ሳልጨርስ አቋረጠኝ። ወደ ባለቤቴ ዞሮ "ልጁን ከእሷ አርቁት" አለ። 3 ሳምንት ልጄ ከእማዬ ጋር በሌላ ክፍል አደረ። እኔ ለማጥባት ብቻ፣ ያውም ሰው እያየኝ፣ እገባ ነበር። የፈራሁት ነገር እውነት መሆኑ በሐኪም አፍ የተረጋገጠ መሰለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ 3 ሳምንት የከፋ አላውቅም። ይህን የማነሣው ለመውቀስ አይደለም። በአንድ በር ተሰብሮ የተመለሰ ሰው ሌላ በር እንዲያንኳኳ ነው።

ዶክተር፣ ያ ሌላው በር እርስዎ ነዎት። ወደ ሥነ አእምሮ ሐኪም ስመጣ እግሬ እየተብረከረከ ነበር። በእኛ ከተማ "አማኑኤል" የሚለው የአእምሮ ሆስፒታሉ ስም ብቻ ሰውን ስንት ዓመት እንደሚያሸሽ ያውቁታል። እርስዎ ግን እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ ጠየቁኝ። ድምፅ ትሰሚያለሽ? ይህን አድርጊ ብሎ የሚያዝሽ አለ? ልጁ ክፉ መንፈስ ያለበት ይመስልሻል? ሐሳቡ ሲመጣ ምን ይሰማሻል? "ልሞት እደርሳለሁ" አልኩ።

"ይሄ ኦሲዲ ይባላል" አሉኝ። ያልተፈለገ ሐሳብ እየተመላለሰ የሚያስጨንቅበት፣ ሰውም ጭንቀቱን ለማብረድ አንድን ነገር ደጋግሞ የሚያደርግበት ሕመም ነው። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ሌላ ከባድ ሕመም እንዳለም አስረዱኝ። በእሱ ጊዜ እናት ከእውነታው ትለያለች፤ ድምፁን ታምነዋለች፤ የያዛት ሐሳብ ትክክል ይመስላታል። እሱ በዚያው ቀን ሆስፒታል የሚያስኬድ ድንገተኛ ነው። የእኔው ሌላ ነበር። እኔን ሐሳቡ ያስጨንቀኛል፣ እሸሸዋለሁ፣ እታገለዋለሁ። "አእምሮሽ በጣም የምትሳሽለትን መርጦ ነው የሚያስፈራራሽ" አሉኝ። ካናዳ ውስጥ አዲስ እናቶች ተጠይቀው ግማሽ ያህሉ ልጃቸውን ሆን ብሎ የመጉዳት ሐሳብ ሳይፈልጉት እንደመጣባቸው መናገራቸውንም የሰማሁት ከእርስዎ ነው። ግማሽ! እኔ ከዓለም እናቶች ሁሉ ብቻዬን ነኝ ብዬ ነበር። ልዩነቱ ሌላዋ እናት ሐሳቡን "ኤጭ" ብላ ታልፈዋለች፤ እኔ ይዤው ቀረሁ።

አማራጮቹንም አንድ በአንድ ዘረዘሩልኝ። መድኃኒት ብቻ፣ የንግግር ሕክምና ብቻ፣ ወይ ሁለቱንም አንድ ላይ። ፍሉኦክሰቲን አለ፣ ሰርትራሊን አለ። ክሎሚፕራሚን የሚባል የቆየ መድኃኒትም አለ፤ ይሠራል፣ ግን አፍ ማድረቁና ሆድ ማድረቁ ስለሚያስቸግር ሌላው እምቢ ሲል ነው የሚታሰበው። እኔ ስለማጠባ ወደ ጡት ወተት የሚያልፈው በጣም ጥቂት ነው ብለው ሰርትራሊን መረጡልኝ። ለኦሲዲ ሲሆን ብዙ ጊዜ ለድብርት ከሚሰጠው ከፍ ያለ መጠን እንደሚያስፈልግ፣ ለውጡም ከ8 እስከ 12 ሳምንት እንደሚፈጅ አስቀድመው ነገሩኝ። ባይነግሩኝ ኖሮ ጥዬው ነበር። የመጀመሪያዎቹን 2 ሳምንታት አቅለሸለሸኝ፣ እንቅልፍም ነሣኝ። በ5ኛው ሳምንት "አልሠራም" ብዬ ደወልኩ። "ቆይ፣ ገና ነው" አሉኝ። በ9ኛው ሳምንት አንድ ቀን ሻይ ጠጥቼ ጨረስኩ። ብርጭቆውን ሳስቀምጥ ነው የነቃሁት። እስከ መጨረሻው ሻይ ብቻ ነበር የጠጣሁት። (የእኔን አይታችሁ ከፋርማሲ ገዝታችሁ እንዳትጀምሩ። መጠኑን የሚወስነው ሐኪም ነው፤ ማቆሙም እንደዚያው።)

መድኃኒቱ ጫጫታውን ቀነሰው። መራመድ ያስተማርከኝ ግን አንተ ነህ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያው ወንድሜ። የመጀመሪያ ቀን አንድ ዝርዝር አነበብክልኝ። ሰው መግፋት፣ መኪና ወደ ገደል መንዳት፣ በቤተ መቅደስ መሳደብ። እ.ኤ.አ. በ1978 ራክማንና ደ ሲልቫ የተባሉ ተመራማሪዎች ጤነኛ ሰዎችንም እንዲህ ያለ ሐሳብ ይመጣባችኋል ወይ ብለው እንደጠየቁ፣ አብዛኞቹም አዎ እንዳሉ፣ የጤነኛውንና የታማሚውን ሐሳብ መለየት ለባለሙያ እንኳን እንደከበደ ነገርከኝ። ያን ቀን ከቢሮህ ስወጣ ከ3 ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብዬ ሄድኩ።

ሕክምናው ቀላል አልነበረም። መጋፈጥና አለመመለስ ነው ያልከኝ። የምፈራውን ነገር በትንሽ በትንሹ እጋፈጣለሁ፤ ጭንቀቱን ለማብረድ የማደርገውን ነገር ግን አላደርግም። እ.ኤ.አ. በ1966 ቪክተር ሜየር የተባለ ሰው ለንደን ውስጥ በ2 ታማሚዎች ላይ የጻፈው ሥራ መነሻው እንደሆነ ነግረኸኛል።  እኔ የፈለግሁት መጽናናት ነበር። አንተ ግን ከቀላሉ ፍርሃት ወደ ከባዱ የሚወጣ መሰላል እንሥራ አልክ። 10 ደረጃ።

1ኛው ደረጃ "ቢላዋ" የሚለውን ቃል በወረቀት ጽፎ ከልጁ አልጋ አጠገብ ማስቀመጥ ነበር። ወረቀት ብቻ! እጄ ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ ከእትዬ ቤት አንድ ትንሽ ቢላዋ መጣ። ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፤ እኔና ልጄም እዚያው ክፍል ተቀመጥን። ጭንቀትሽ ከ100 ስንት ነው ትለኛለህ። 90። ሳልነሣ፣ ሳልጸልይ፣ ሳልጠይቅ 40 ደቂቃ ቆየሁ። 45 ሆነ። በማግሥቱ ከ70 ጀመረ።

በጣም የረዳኝ ነገር ስለ መብሰልሰሉ ያልከው ነው። እኔ ማሰብ እንደ ሥራ ይመስለኝ ነበር፤ ቆይቼ ባስብበት መልሱን የማገኝ። "ይሄም እንደ እጅ መታጠብ ነው። በጭንቅላት ውስጥ የሚታጠብ እጅ" አልከኝ። ሐሳቡ ሲመጣ በኃይል አላባርረውም፣ አልከራከረውምም። "ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል" ብዬ እጄ ወደያዘው ሥራ እመለሳለሁ። ሲጻፍ ቀላል ነው። እኔ 4 ወር ፈጅቶብኛል።

ለባለቤቴም የቤት ሥራ ተሰጠው። ስጠይቀው እንዳይመልስ። ይሄ ለአንተ ከእኔ በላይ ከብዶህ እንደነበር አውቃለሁ። "ይሄን ጥያቄ አልመልስም፣ ግን አጠገብሽ አለሁ" ብለህ እጄን ይዘህ ትቀመጥ ነበር። አንድ ቀን ተቆጥቼ ሳህን ሰብሬብሃለሁ። ጠረግከው፣ ተመልሰህ ተቀመጥክ።

አባ፣ የንስሐ አባቴ። ሐሳቡን ስነግርዎት አልደነገጡም። "ፆር ነው ልጄ፣ በቅዱሳንም ይመጣል" አሉኝ። ያልጠበቅሁት ግን የቀጠለው ነበር። 41ዱን እንደገና የምጀምረው ነገር እንዲቀር አዘዙኝ። "ሐሳቡ መሐል ቢገባም ቀጥዪ። አንዴ ብለሽ ጨርሺና ልጅሽን አጥቢ። መድኃኒትሽንም ከጸበልሽ ጋር ዋጪ" አሉኝ። ሁለቱን ከሚያጣሉብን ሰዎች መሐል እርስዎን የሰጠኝን አምላክ አመሰግናለሁ።

እህቴ፣ ከዱባይ ለሕክምናው ብር ስትልኪ ለምን እንደሆነ አንዴም አልጠየቅሽኝም። አሁን ታውቂዋለሽ። የሥራ ባልደረቦቼ፣ የወሊድ ፈቃዴ ሲያልቅ የእኔን ሥራ ተከፋፍላችሁ ይዛችሁልኛል። ሲደርስ እኔም የእናንተን እይዛለሁ።

እማዬ። አንቺን እንዴት አድርጌ ላመስግን? ለ15 ቀን ብለሽ መጥተሽ 7 ወር ከረምሽ። አዝመራሽ ሜዳ ላይ ቀረ። ከዚያ ሁሉ በልጦ የማልረሳው ግን አንድ ማታ የነገርሽኝ ነው። ታላቅ ወንድሜን የወለድሽ ጊዜ ወንዝ ስትሻገሪ "ልልቀቀው ይሆን?" የሚል ነገር መጥቶብሽ፣ ከዚያ በኋላ ክረምቱን ሙሉ ያን ወንዝ ብቻሽን ተሻግረሽ እንደማታውቂ። 38 ዓመት ለማንም አልተናገርሽም። እኔ ብቻዬን እንዳልሆንኩ እንዳውቅ ብለሽ አወጣሽው። አንቺን ማን አጽናናሽ? ያኔ ማን ነበረሽ?

9ኛው ደረጃ ልጄን አዝዬ ሽንኩርት መክተፍ ነበር። እማዬ በር ላይ ቆማ ታየኛለች፤ እንዳትገባ ተነግሯታል። ልጁ ጀርባዬ ላይ ይንፈራገጣል። በእትዬ ትልቁ ቢላዋ 6 ራስ ሽንኩርት ከተፍኩ። እንባዬ ይወርዳል። የሽንኩርቱ ይሁን የእኔ አላውቅም። እማዬ እልል አለች። እትዬም ምን እንደሆነ ሳያውቁ ከወዲያ ማዶ እልል አሉ።

ሐሳቡ ዛሬም አልፎ አልፎ ይመጣል። ይመጣና ይሄዳል። መድኃኒቴን እየወሰድኩ ነው፤ ዶክተር ቢያንስ 1 ዓመት እንድቆይበት ነግረውኛል።

ይህን የምታነቢ አራስ እህቴ፣ በሌሊት ብቻሽን ተቀምጠሽ ከሆነ፣ የሚያስፈራሽን ነገር በቃል ማውጣት ካቃተሽ በወረቀት ጽፈሽ ለሐኪሙ ስጪው። እኔ እርስዎ ዘንድ ስመጣ፣ ዶክተር፣ ያደረግሁት እሱን ነው። 4 መስመር ነበር። ወረቀቷን እስካሁን መዝገቤ ውስጥ እንዳስቀመጧት ነግረውኛል።

የእሑዱን ድፎ የቆረስኩት እኔ ነኝ። ልጄ ጭኔ ላይ ተቀምጦ ነበር። ያልደረሳችሁ ካላችሁ፣ ቅዳሜ ደግሞ እጋግራለሁ፤ ኑ።

እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የአቡሽ እናት፣ ከአዲስ አበባ