አባዬ፣ እንግሊዞች ወጥተው ምን አገኙ ላሉኝ

ውድ አባዬ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? ክኒኑን በባዶ ሆድ ነው የሚውጠው ብላ እማዬ ከስሳዎታለች። ተዉ እንጂ።

ባለፈው ስንደዋወል አንድ ነገር ጠይቀውኝ ኔትወርኩ ቆረጠን። «እነዚህ እንግሊዞች ከአውሮፓ ኅብረት ወጥተው ምን አገኙ? የሰው እጥረት አለ የሚባለውስ እውነት ነው?» ነበር ያሉኝ። ሁለተኛው ጥያቄ ከየት እንደመጣ ገብቶኛል፤ እደርስበታለሁ። በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ቁጭ ብዬ ልጻፍልዎት። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።

እንግሊዞች ማኅበሩ ውስጥ የገቡት በ1973 ነው። በጁን 2016 ሕዝበ ውሳኔ ተደረገና 52 ከመቶው እንውጣ አለ፣ 48 ከመቶው እንቆይ። ምርጫውን የጠራው ጠቅላይ ሚኒስትር ካሜሮን «እንቆይ» የሚለው ያሸንፋል ብሎ ተማምኖ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ከቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ እለቃለሁ አለ። ፓውንዱም በዚያው ሌሊት ከ1.50 ዶላር ወደ 1.33 ገደማ ወረደ። ያን ሰሞን የላክሁት ሲመነዘር አነሰ ብለውኝ ነበር። እኔ አልቀነስኩም። የቀነሱት ድምፅ የሰጡት ናቸው።

ከዚያ አራት ዓመት ሲጨቃጨቁ ከረሙ። ያን ልዝለለው፤ እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ሰልችቶታል። በመጨረሻ በጃንዋሪ 2020 ወጡ፤ ይህን መውጣት «ብሬግዚት» ይሉታል፤ አዲሱ አሠራር በደንብ የጀመረው ደግሞ በ2021 መጀመሪያ ነው።

የሆነውን ነገር ከእርስዎ በላይ የሚረዳ ሰው የለም። ፊያትዎን ከነተሳቢው ይዘው ከአሰብ ኮምቦልቻ ሲመላለሱ የአንድ ሀገር መንገድ ነበር። በኋላ ኤርትራ ስትለይ ድንበር ሆነ። የእነሱ ገንዘብ ናቅፋ መጣ፣ በባንክ በኩል ኤል ሲ (የክፍያ ዋስትና) ካልተከፈተ ዕቃ አያልፍም ተባለ። አስፋልቱ ያው ነበር፤ ወረቀቱ ነው የተለወጠው። ከጦርነቱ በስተቀር እዚህም የሆነው ይኸው ነው። ድሮ ከማንችስተር የተነሣ መኪና ያለ አንዳች የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ፖላንድ ይገባ ነበር። አሁን ዲክላራሲዮን ይሞላል፣ ትራንዚተር ይከፈለዋል፣ ጭነቱ ሥጋ ወይም ዓሣ ከሆነ የእንስሳት ሐኪም የፈረመበት ወረቀት ይያዛል። ስለተስማሙ የራሳቸው ምርት የሆነ ዕቃ ቀረጥ አይከፈልበትም። ግን ወረቀቱ ራሱ ቀረጥ ሆነ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሆላንድ ጉምሩክ የአንድ ሹፌር ሳንድዊች ሲወርስ በቴሌቪዥን ታየ። ከእንግሊዝ ሥጋ ይዞ መግባት ስለተከለከለ ነው። ሹፌሩ ሥጋውን ውሰዱና ዳቦውን ተዉልኝ ብሎ ለመነ። የጉምሩኩ ሰው «የለም፣ ሁሉም ይወረሳል፤ እንኳን ወደ ብሬግዚት በደህና መጡ» አለው። እርስዎ ቢሆኑ ኬላው ፊት ቆመው እዚያው በልተው ይጨርሱት ነበር።

ትልልቆቹ ድርጅቶች ወረቀት የሚሞላ ሰው ቀጥረው ቀጠሉ። ትንንሾቹ ናቸው የተጎዱት። በሳምንት ጥቂት ካርቶን ወደ ፈረንሳይ ይልክ የነበረ አይብ ሠሪ ለእያንዳንዱ ጭነት ሐኪም ጠርቶ አያዋጣውም፤ ብዙዎቹ ተዉት። የመንግሥትን በጀት የሚገመግመው ገለልተኛ ቢሮ፣ ሀገሪቱ ውስጥ ብትቆይ ኖሮ ከምታገኘው ምርታማነት በረጅም ጊዜ 4 ከመቶ ያህል ታጣለች ብሎ ይገምታል። የለንደን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎች ደግሞ እስከ 2023 መጀመሪያ ድረስ በምግብ ዋጋ ላይ ብቻ ወደ 7 ቢሊዮን ፓውንድ ተጨምሯል ብለዋል፤ ለአንድ ቤት 250 ፓውንድ ገደማ። ኮሮናውና የዩክሬን ጦርነት ተደራርበው ስለመጡ የትኛው ኪሳራ የማን እንደሆነ አሁንም ይከራከራሉ።

ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። ትራምፕ በ2025 ቀረጥ ሲጥል እንግሊዝ ላይ 10 ከመቶ፣ ኅብረቱ ላይ 15 ከመቶ ነው ያደረገው። እንውጣ ያሉት ይህን አንስተው አይጠግቡም። ግን ትልቁ ገበያቸው አሁንም ያ የወጡበት ጎረቤት ነው።

የእኛንም አበባ ነካክቶት ነበር። ከኢትዮጵያ በቀጥታ እንግሊዝ የሚገባ ጽጌረዳ ቀረጥ የለበትም። በሆላንድ በኩል ዞሮ ሲመጣ ግን 8 ከመቶ የሚከፈልበት ሁኔታ ተፈጠረ። በ2024 ያን ቀረጥ እስከ ጁን 2026 ድረስ አነሡት። ያው አበባ፣ በሌላ በር ስለገባ ብቻ! ትራንዚት ያደከመው ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል።

አሁን ወደ ሰው እጥረቱ ልምጣ።

እጥረቱ እውነት ነበር። በ2021 መጸው የቦቴ ሹፌር ጠፍቶ ማደያዎች ደረቁ። ነዳጁ በዴፖው ሞልቶ ነበር፤ የሚያመጣው ነው የታጣው። ሕዝቡ ደነገጠና ጀሪካን ይዞ ተሰለፈ። የእኛን ሀገር ሰልፍ ስለማውቀው ብዙም አልገረመኝም፤ እነሱ ግን እርስ በርስ ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸውም። በመጨረሻ ወታደር ቦቴ ነዳ። የጭነት ባለንብረቶች ማኅበር የጎደለው ሹፌር 100,000 ይደርሳል ይል ነበር። ሁሉም በብሬግዚት አልነበረም፤ በኮሮና የመንጃ ፈቃድ ፈተና ቆሞ ነበር፣ አሮጌዎቹም ጡረታ ወጥተዋል። ግን ወደ ሀገሩ የተመለሰው የሩማንያና የፖላንድ ሹፌር ቦታውን ክፍት ጥሎ ነው የሄደው። መንግሥት እስከ ገና ለምትቆይ አጭር ቪዛ 5,000 ሹፌር ኑ አለ። የመጡት ጥቂት ናቸው። ኑሮውን ነቅሎ ለሦስት ወር ማን ይመጣል? ለቀሪዎቹ ሹፌሮች ግን ደመወዝ ጨመረ። ለዚህ እርስዎ ደስ እንደሚልዎት አውቃለሁ።

እኔ ካለሁበት ከፒተርቦሮ አንድ ሰዓት ያህል ሲነዱ ቦስተን የምትባል ከተማ አለች። ዙሪያዋ ሜዳ ነው፤ ጎመን፣ ድንች፣ አበባ ጎመን። ድምፅ ከሰጠው ሕዝቧ 75 ከመቶ በላይ የሆነው እንውጣ ብሎ መረጠ፤ በሀገሪቱ አንደኛ። ጎመኑን የሚቆርጡት ሊትዌንያውያንና ፖላንዶች ነበሩ። እኔ የምንከባከባቸው አንድ ሽማግሌ ወጣት ሳሉ እዚያ ማሳ ላይ ሠርተዋል። እንውጣ ነው ያሉት። «ሠራተኛ አቅራቢዎቹ ሰው በአውቶቡስ ሲያመጡ የእኛን ዋጋ ጣሉት፤ ትምህርት ቤቱም ክሊኒኩም ያው የድሮው ነበር» ይሉኛል። ይህን ሲሉ ክፋት የለባቸውም። ያዩትን ነው የሚናገሩት። እኔም ልብሳቸውን እየቆለፍኩ እሰማቸዋለሁ።

አሁን ያን ጎመን ማን ይቆርጠዋል መሰለዎት? ከኪርጊስታን፣ ከታጂኪስታንና ከኡዝቤኪስታን ለስድስት ወር ቪዛ የሚመጡ ሰዎች። የአውሮፕላን ቲኬት በብድር ቆርጠው ይመጣሉ፣ ስድስት ወሩ ሲያልቅ ይመለሳሉ።

እኔ መሥሪያ ቤትም ያው ነው። ኩሽና በር ላይ የሽፍት ዝርዝር ይለጠፋል። ስገባ ግማሹ ስም በ«ስካ» የሚያልቅ ነበር፤ ፖላንዶች ናቸው። ሌሎቹ ፖርቱጋልና ሊትዌንያ። እያደር ሄዱ። አንዷ ፓውንዱ ሲወርድ አያዋጣም አለች፣ ሌላዋ ልጇ ትምህርት ቤት «መቼ ነው ወደ ሀገርሽ የምትሄጂው» ስለተባለች ጓዟን ጠቀለለች። በሆስፒታሎቹም እንዲሁ ነበር፤ ከአውሮፓ በዓመት ከ6,000 በላይ ነርስ ይመዘገብ የነበረው በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ 800 ወረደ። አሁን ዝርዝሩ ላይ ያለው የዚምባብዌ፣ የናይጄሪያ፣ የጋናና የሕንድ ስም ነው። መንግሥት በ2022 መጀመሪያ ለአረጋውያን ተንከባካቢዎች ቪዛ ከፍቶ ነው የመጡት። የውጭ ሰው ይቀነስ ብለው የመረጡት ሰዎች ሀገር፣ እስከ 2023 አጋማሽ ባለው አንድ ዓመት ከገባው የወጣው ተቀንሶ ከ900,000 በላይ ሰው ተጨመረባት። እንዲህ ያለ ቁጥር ከዚያ በፊት አልታየም።

እኔ ከሁሉም በላይ የሚከነክነኝ ቁጥሩ አይደለም። የድሮዋ ባልደረባዬ አለቃ ሲያስቀይማት ዛሬ ለቃ ነገ ሌላ ቦታ ትገባ ነበር። ስለዚህ አለቃው ይጠነቀቅ ነበር። የአሁኗ ቪዛዋ የታሰረው በቀጠራት ድርጅት ነው። ድርጅቱ ቢያባርራት ወይም ፈቃዱ ቢሰረዝ በ60 ቀን ውስጥ ሌላ ስፖንሰር ካላገኘች ትወጣለች። ስለዚህ ዝም ትላለች። የሕመም ቀን እንኳ አትጠይቅም። አንዷ አብራኝ የምትሠራ ዚምባብዌያዊት በሀገሯ ላለ ደላላ የቤቷን ዋጋ ያህል ከፍላ ነው የመጣችው። ሌላ ከተማ ያለው የቀጠራት ድርጅት ለወራት ሥራ ሳይሰጣት አስቀመጣት። ቤተ ክርስቲያን ነው ያበላት። እሷ አንድ ብቻ አይደለችም። ከ2022 አጋማሽ እስከ 2024 መጨረሻ ከ470 በላይ የእንክብካቤ ድርጅቶች የስፖንሰር ፈቃዳቸው ተሰርዟል፤ ከ39,000 በላይ ሠራተኛ ከእነሱ ጋር የተያያዘ ነበር።

እንግዲህ ደብዳቤውን የሚያነብልዎት የልጅ ልጅዎ ጉሮሮውን ይጥረግ። ከዚህ በኋላ ያለው ስለ እሱ ነው። ሳትዘል አንብብ፣ የእህቴ ልጅ።

ደላላው «አውሮፓውያኑ ወጥተው ሀገሩ ባዶ ነው፣ በሦስት ወር ኬር ወርከር (የአረጋውያን ተንከባካቢ) ሆነህ ትገባለህ» እንዳለህ እናትህ ነግራኛለች። ባዶ ቦታ አለ፣ እሱ እውነት ነው። በሩ ግን ተዘግቷል። ከጁላይ 22 ቀን 2025 ጀምሮ ለዚህ ሥራ ከውጭ አዲስ ሰው መቅጠር ቆሟል። ከዚያም በፊት፣ ከማርች 2024 ጀምሮ፣ ሚስትና ልጅ ይዞ መምጣት ተከልክሏል። ሌላው የሥራ ቪዛ ደግሞ በአብዛኛው የዲግሪ ሥራና በዓመት ከ41,000 ፓውንድ በላይ ደመወዝ ይጠይቃል፤ እኔ ራሴ ያን አላገኝም። ስለዚህ ሰውየው የሚሸጥልህ የለውም። የስፖንሰር ወረቀት ወጪ የአሠሪው ነው እንጂ በሠራተኛ ላይ አይጫንም። ወረቀት አሳይቶህ ከሆነ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ የድርጅቱን ስም መንግሥት ካወጣው ዝርዝር ላይ አይልሃለሁ።

አባዬ፣ ከቤቱ ጀርባ ያለውን ቦታ አይሽጡ። ቀብድ ተቀብለው ከሆነም ይመልሱ፤ የጎደለውን እኔ እሞላለሁ። ልጁ ከቴክኒክና ሙያ የኤሌክትሪክ ሥራ ተምሮ ወጥቷል፣ እጁም ጥሩ ነው። የራሱን ሥራ ለመጀመር መሰላል፣ ድሪልና መለኪያ ያስፈልገኛል ብሎኝ ነበር። ዋጋውን ጠይቆ በቴሌግራም ይጻፍልኝ፤ ደመወዝ እንደገባ እልካለሁ። ለደላላውም ስልክ አያንሡለት፣ ማባበል ያውቁበታል።

እማዬን ሳሙልኝ። ጉልበትዎን ለሐኪም ሳያሳዩ ወሩ እንዳያልፍ።

ልጅዎ